ጀርባዬን ሰጥቼ ያየሁት የጃፓን ትግል

የቤተ ዘመዱ ልጆች ናቸው ንገሪን ያሉኝ። ልጆች እላለሁ እንጂ አንደኛዋ ራሷ አርግዛለች። የሚወለደው ልጅ ምን ይይ፣ ምን አይይ እያሉ ከአሁኑ ይከራከራሉ። በእኛ ጊዜ ለሚወለድ ልጅ የሚታሰበው ምን እንደሚበላ ነበር፤ ዛሬ የሚታሰበው ምን እንደሚያይ ነው። አንዱ፣ የድሮ የጃፓን ትግል ለልጅ ጥሩ ነው፣ ከአሁኑ ቪዲዮ ሁሉ ይሻላል አለ። ሌላዋ ኧረ ደም አለው አለች። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩና፣ እማማ ታውቃለች፣ በዚህ ቤት ያንን ትግል እንደሷ የተቃወመም እንደሷ የተከታተለም የለም፣ ጻፊልን አሉኝ።

እሺ። እኔ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ፊደሉን የለቀምኩት ልጆቼ ሲያጠኑ አጠገባቸው ተቀምጬ ነው፤ ስለዚህ ነገሩ እዚህም እዚያም ቢረግጥ ታገሡኝ። መልሱን ግን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ለልጅ አይሆንም። ለትልቅ ሰውም አይሆንም። ለጃፓኖቹ ለራሳቸውም የሆነላቸው አይመስለኝም። የድሮ ስለሆነ ጥሩ ነው የምትለው አንተ ደግሞ፣ የድሮ የሆነ ሁሉ ጥሩ ከሆነ ፈንጣጣም የድሮ ነው።

ወደዚህ አገር፣ አሜሪካ ኦሃዮ፣ የመጣሁት ልጅ ልይዝ ነው። ልጄ ኢስተን የሚባል ሰፈር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ትሠራ ነበር። ሆቴል ደግሞ ሌላው ሰው የሚዝናናበት ቀን የሠራተኛው መከራ ነውና ቅዳሜና እሑድ እሷ ቤት የለችም። የሰው አንሶላ ስትቀይር ውላ ስትመጣ የራሷን አልጋ የማነጥፍላት እኔ ነበርኩ። ባሏ፣ አማቼ ማለት ነው፣ ትልቁን ትራክ ይነዳል። ሰኞ ሳይነጋ ይወጣል፣ ዓርብ ይገባል። በመካከሉ የት እንዳለ የሚያውቀው ስልኩ ብቻ ነው። ኮል ሲያደርግ አንድ ቀን ቴክሳስ ነኝ ይላል፣ አንድ ቀን ስሙን ልይዘው የማልችለው አገር ነኝ ይላል፤ እኔ ለሁሉም ይበርቱ እለዋለሁ።

የልጅ ልጄ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አማርኛ ትሰማለች፣ አትመልስም። እኔ በአማርኛ እጠይቃታለሁ፣ እሷ በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች፣ ሁለታችንም ጨዋታውን የጨረስን መስሎን እንለያያለን። ከአባቷ ጋር ግን የባሰ ነበር። እሱ ዝምተኛ ነው። አምስት ቀን ከሞተር ጋር የዋለ ሰው ቤት ሲገባ ወሬ ከየት ያመጣል? በእንግሊዝኛ ሲያናግራት የመንገድ እንግሊዝኛውን ያወጣል፤ እሷ ታርመዋለች፤ እሱ ዝም ይላል። በአማርኛ ሲያናግራት ትከሻዋን ትሰብቃለች፤ እሱ አሁንም ዝም ይላል። ልጄ የምትፈራው ይኼንን ነበር። ልብስ እያጣጠፈች፣ "እማዬ፣ አባቷን በስልክ ብቻ የምታውቅ ልጅ ልትሆንብኝ ነው" ትለኝ ነበር።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ አባትና ልጅ ዎርዝንግተን በሚባል ሰፈር በኩል ሲያልፉ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ቤቱን ሊለቅ ዕቃውን ደጅ ዘርግቶ ሲሸጥ ያገኛሉ። ጋራዥ ሴል ይሉታል። እኛ ዘንድ የሰው ዕቃ እንዲህ ደጅ ሲወጣ ማን ሞተ ይባላል፤ እዚህ መኪና አቁመው ያገላብጡታል። አማቼ የፈለገው የካሴት ማጫወቻውን ነበር፣ የሠርጋቸው ቪዲዮ በካሴት ነውና። ሽማግሌው ማጫወቻውን ከወሰድክልኝ ይኼንንም ጨምረህ ውሰድልኝ ብሎ አንድ ካርቶን ሙሉ ካሴት አሸከመው። ራሱ ወጣት ሳለ ከጃፓን ያስመጣው የትግል ካሴት፣ በጃፓን ፊደል የተጻፈበት። ለመጣል የከበደህን ነገር ለማያውቅህ ሰው ማሸከም እዚህ አገር ደግነት ነው።

የሠርጉን ቪዲዮ ማን አየው? ካርቶኑ ተከፈተ፣ ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ጠዋት የትግል ሆነ።

ላላያችሁት ልንገራችሁ። አራት ማዕዘን መድረክ አለ፣ በገመድ የታጠረ፣ በረት የመሰለ። ሁለት ጎልማሶች እዚያ ይገባሉ። መኪና የሚሠራ፣ ሰዓት የሚሠራ ሕዝብ ሁለት ጎልማሶችን በውስጥ ሱሪ ብቻ በረት ያስገባል። የውስጥ ሱሪውም ጥቁርና ጠባብ ነው። ሲመጡስ የሐር ካባ ደርበው፣ ሙዚቃ እየተመታላቸው ነው የሚመጡት፤ ከደረሱ በኋላ ካባውን ያወልቁታል። ካባ ያለው ሰው ምን ነክቶት ነው የሚያወልቀው?

ከዚያ ይያያዛሉ። አንዱ የሌላውን ደረት በመዳፉ ጧ ያደርገዋል። የተመታው እንደመሸሽ ደረቱን ገልጦ ጨምር ይላል። ይጨምርለታል። ቀጥሎ የመታው በተራው ደረቱን ይሰጣል። ተራ ጠብቀው ነው የሚማቱት፣ እንደ ባንክ ቤት ሰልፍ። ሲሰለቻቸው አንዱ ሌላውን እንደ ጤፍ ጆንያ ያነሣውና በማጅራቱ ይተክለዋል። በማጅራቱ የተተከለ ሰው እኛ ዘንድ ይለቀስለታል እንጂ አይነሣም። ያኛው ጥቂት ጋደም ይልና ይነሣል። መነሣት ብቻ አይደለም፣ ይሮጣል። ወንድሞቼ ሲታገሉ አይቼ ነው ያደግሁት፤ የወደቀ ወደቀ ነው፣ ጀርባው መሬት ከነካ በቃ፣ አቧራውን አራግፎ ከብቱን ይከተላል። እነዚህ ግን መውደቅንም መነሣትንም አረከሱት።

ዳኛ አላቸው ደግሞ። አንዱ ከስተኋላ ወንበር ይዞ ሲመጣ ዳኛው ሁልጊዜ ሌላ ቦታ ያያል። ወይ የጫማው ክር ይፈታበታል። አዳራሽ ሙሉ ሰው አይቶ ሲጮኽ እሱ ብቻ አያይም። እንዲህ ያለ ዳኛ በአገሬም ዐውቃለሁ፣ እሱን ለማየት ቴሌቪዥን አያስፈልገኝም።

ከሁሉ የናቅሁት ግን ተመልካቹን ነው። አዳራሽ ሙሉ ሰው፣ ሸሚዝና ክራባት ያደረገ፣ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ተው የሚል አንድ የለም። እኛ ሰፈር ሁለት ሰው ከተያያዘ ዳቦ ሊገዛ የወጣውም ዳቦውን ጥሎ ይገባል። አንዳንዴ ገላጋይ ይበዛና ተጣዪዎቹ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ፣ ገላጋዮቹ ይቧቀሳሉ፤ እሱም ቢሆን ወግ ነው። ቆሞ ያየ ሰው ግን በኋላ በሽማግሌ ፊት የት ነበርክ ይባላል። እነዚያ ጃፓኖች የት ነበራችሁ ቢባሉ ምን ሊሉ ነው? ቲኬት ቆርጠን ነበር?

አንድ ቀን ዳውንታውን፣ አውቶቡስ የሚቀየርበት ቦታ፣ ሁለት ጎረምሶች ሲገፋፉ አየሁ። ሰዉ ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። መካከላቸው ገብቼ ተዉ ልጆቼ፣ በእናታችሁ ተዉ አልኳቸው። አንደኛው "ሶሪ ማም" ብሎኝ ሄደ። የገላጋይ አማርኛ ኦሃዮም ይገባል። ልጅ ማየት ያለበት እንዲህ ያለውን ነው።

ለልጄ ነገርኳት። ይኼ ነገር ለልጅቱ አይሆናትም አልኳት።

"እማዬ፣ ፌክ ነው እኮ፤ ተነጋግረው ነው" አለችኝ።

"ይኼማ ባሰ።"

የእውነት ጠብ ቢሆን ተናዶ ነው ይባላል፣ ደሙ ፈልቶ ነው ይባላል። ተነጋግሮ፣ ቀጠሮ ይዞ፣ ቀዝቀዝ ብሎ ሰውን በማጅራቱ መትከል ምን ይባላል? ደግሞስ ሰው በማጅራቱ ወድቆ ይነሣል ብላ አምና የጎረቤቱን ሕፃን ብትተክለውስ አልኳት። ልጄ ደክሟት ነበር፣ ሶፋው ላይ ተዘርግታ ነው የምትሰማኝ። ተዪአቸው እማዬ፣ ሁለቱ አብረው የሚቀመጡት ለሱ ብቻ ነው አለችኝ። የሚቀመጡበት ሌላ ነገር አጡ ወይ ስላት፣ አጡ አለችኝ።

ይኼኔ፣ ለራሱ ለምን አልነገርሽውም ትሉኛላችሁ። እናንተ እዚህ ተወልዳችሁ አታውቁትም። አማት ለአማቿ እንዲህ ያለ ነገር ፊት ለፊት አትናገርም። እሱ አንቱ ይለኛል፣ እኔም አንቱ እለዋለሁ። ስገባ ይነሣል፣ ካልተቀመጥኩ አይቀመጥም፣ እኔ ፊት እግሩን አያነባብርም። በአንድ ጣሪያ ሥር ያን ያህል ዘመን ኖረን ንግግራችን አደሩ ወይ፣ ጠገቡ ወይ፣ እግዜር ይስጥልኝ ነው። ቅሬታ ካለ በልጄ በኩል ይሄዳል፣ በልጄ በኩል ይመለሳል፣ መንገድ ላይም ለዘብ ይላል። ልጄ አላደርስም ካለች የቀረኝ አንድ መላ ነበር። መቀመጥ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ምስሬን በሰፌድ ይዤ ሄድኩና ቴሌቪዥኑ ፊት ካለችው ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። ምንም አልተናገርኩም፤ ምስር መልቀም የሚከለክል ሕግ የለም። አማቼ ብድግ አለ። "ይቀመጡ እማማ" አለኝ፣ እኔ ግን ቀድሜ ተቀምጫለሁ። በዚያች ሰዓት ቴሌቪዥኑ ላይ አንዱ ጎልማሳ ያንን የሚያህል ጭኑን በሌላው አንገት ላይ ጠምጥሞ ያቃስታል። ከአማቱ ጋር ተቀምጦ ይኼንን የሚያይ ሰው ማን አለ? አማቼ ሪሞቱን ፍለጋ ትራሱን አነሣ፣ ምንጣፉን ገለጠ፤ ሪሞቱ ልጅቱ ሥር ነበር። እስኪያገኘው ድረስ ያ ሰውዬ ጭኑን ላላ እንኳ አላደረገም። በመጨረሻ ጠፋ።

በቀጣዩም ቅዳሜ ተቀመጥኩ። ከዚያ አማቼ ካሴት መክተቱን ራሱ ተወው። ቁርሱን በልቶ ጋራዥ ይወርድና መኪና ያጥባል። ንጹሕ መኪና ነው የሚያጥበው። ልጅቱ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ጥቂት ታየዋለች፣ ከዚያ ታብሌቷን ይዛ ክፍሏ ትገባለች። ምሳ ላይ ሁለቱም ሳህናቸውን ያያሉ። እኔ አሸንፌያለሁ፣ ገመድ ሳልይዝ፣ ካባ ሳላወልቅ። ልጄ ማታ ስትገባ ዛሬስ አብረው ዋሉ ወይ ብላ ትጠይቀኛለች፣ እኔም መኪናው ታጥቧል እላታለሁ።

ጥቂት ቅዳሜ እንዲህ ካለፈ በኋላ ልጅቱ ክፍሌ መጣች። በር ላይ ቆማ አማርኛ ስትፈልግ ቆየችና፣

"እማማ፣ አንቺ ለምን እዚያ ትቀመጪያለሽ?" አለችኝ።

"ልጅ የሚያየውን ትልቅ ሰው ማወቅ ስላለበት።"

"አንቺ ስታዪ አባዬ ሻይ ይሆናል።"

አፈረ ማለቷ ነው። ማፈር ብቻ አይደለም፣ ነውር ነው አልኳት። ነውር ምንድን ነው አለችኝ። አማት ፊት መታየት የሌለበት ነገር ሲታይ ነው አልኳት። ይኼንን ስታመነዥግ ቆየች። ከዚያ ሄዳ ሳሎን ውስጥ አንድ ነገር ስትጎትት ሰማሁ። ወጥቼ ባይ ወንበሬን ታግላ አዙራዋለች። ጀርባው ለቴሌቪዥኑ፣ ፊቱ ለመስኮቱ።

"እዚህ ተቀመጪ። አንቺ አታዪም። አባዬ አያፍርም። ኦኬ?"

"ታዲያ የምታዩትን በምን ላውቅ?"

"እኔ እነግርሻለሁ።"

"በምን ቋንቋ?"

ከንፈሯን ነከሰች። "ባንቺ" አለች።

ያንቺም ነው አልኳት። የሚሆነውን ሁሉ አንድ ሳታስቀሪ በአማርኛ ትነግሪኛለሽ፣ ያስቀረሽ ዕለት ወንበሩን አዞረዋለሁ አልኳት። "ዲል" ብላ እጇን ዘረጋችልኝ። ሽማግሌ ተሰብስቦ ስንት ቀን የሚፈጅበትን ነገር ይቺ ትንሽ ልጅ ወንበር ጎትታ ጨረሰችው። እኔ ከመቀመጫዬ አልተነሣሁም፣ እሱም አማቱ ፊት ነውር አላየም።

በቅዳሜው አማቼ መጣና ወንበሬን አየ። ቆመ። ልጅቱ እጅጌውን ስትስበው፣ ሶፋውም ሲሰምጥ ሰማሁ። ካሴቱ ተከተተ።

"አንድ ሰውዬ መጣ። ትልቅ ነው" አለችኝ ከኋላዬ። "ሌላ ሰውዬ መጣ። እሱም ትልቅ ነው።"

"እሺ።"

"ያዘው። አንገቱን... አባዬ፣ እንዲህ ሲያደርግ ምን ይባላል?"

አማቼ ጉሮሮውን ጠረገ። "አነቀው" አለ።

"አነቀው፣ እማማ። አሁን ደግሞ አነሣው። አባዬ፣ ወደ ታች ሲያደርገውስ?"

"ፈጠፈጠው።"

"ፈጠፈጠው!"

በዚህ ዓይነት ተጀመረ። ቅዳሜ በቅዳሜ ቃሉ በዛ። ጠለፈው፣ ጠመዘዘው፣ አሽቀነጠረው፣ ዘረረው። የሌላ ሰው ልጅ አማርኛን በውሃና በዳቦ ይጀምራል፣ የኛዋ በማጅራት ጀመረች። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ አንዲት ሴትዮ የቤት ሥራሽን ጨረስሽ ወይ ቢሏት "ዘረርኩት" አለቻቸው። ሴትየዋ ወደ እኔ ዞረው፣ እትዬ፣ ይቺ ልጅ ከማን ጋር ነው የምትውለው አሉኝ። ከጃፓኖች ጋር አልኳቸው። ሌላ ምን ልበል?

እኔ ግን ጀርባዬን ሰጠሁ እንጂ አፌን አልሰጠሁም። በየመሐሉ እጠይቃለሁ። ዳኛው የት አለ? ጫማውን እያሰረ ነው። እናታቸው ታውቃለች? አላውቅም እማማ። ገላጋይ የለም? የለም። የለም ባለችኝ ቁጥር ከንፈሬን እመጥና ወንበሬ ላይ እነቃነቃለሁ። ወንበሩ ሲንቋቋ ልጅቱ ትደነግጣለች፣ የሚዞር ይመስላታል።

አንድ ቅዳሜ ታዲያ ገና ሳልጠይቃት፣

"ገላጋይ መጣ እማማ" አለችኝ።

"ማነው?"

"ሽማግሌ። ነጭ ጢም አለው።"

"ምን አላቸው?"

አሰበች። "ተዉ አላቸው። ነውር ነው አላቸው።"

"እነሱስ?"

"ታረቁ። ትንሹ የትልቁን ጉልበት ሳመ።"

ይኼኔ እውነቱን ልናገር፣ ለጃፓኖቹ ትንሽ ሆዴ ራራላቸው። ዘግይተውም ቢሆን ሰው መሆን ጀመሩ አልኩ። ከዚያ ወዲህ በየካሴቱ ሽማግሌ የማይገባበት ትግል ጠፋ። አንዳንዱ ሽማግሌ ዱላ ይይዛል፣ አንዳንዱ ይመርቃል። አንዴ አንዲት አሮጊትም ገብታለች፤ ምን አለች ብላት፣ በጡቴ ተዉ አለች አለችኝ። ያንን ከእኔ ነው የሰማችው፣ ከጃፓን አይደለም። ያኔ ነው መጠርጠር የጀመርኩት።

ዊንተር ሲገባ ጥርጣሬዬ ቀረ። በበጋ መስኮቱ የጎረቤታችንን ሣር ማጨጃና አንድ ግራር የማይባል ግራር መሳይ ዛፍ ያሳያል። ዊንተር ላይ ግን የዚህ አገር ሰማይ በቀን እንደ ድስት ቂጥ ይጠቁራል፣ ያኔ መስኮቱ መስተዋት ይሆናል። አንድ ጨለምለም ያለ ቅዳሜ ከምስሬ ቀና ስል ቴሌቪዥኑ ከነሙሉ አካሉ መስተዋቱ ውስጥ አለ። የልጅቱ ራስም አለ። የአማቼ መቀመጫ በጥግ በኩል ስለነበረ እሱ አይታየኝም። እነዚያ ሁለት ጎልማሶች ግን ከነውስጥ ሱሪያቸው ተመልሰው መጡ። ሽማግሌ የለም። ነጭ ጢም የለም። እጁን ያጣጠፈ ሕዝብና ጫማውን የሚያስር ዳኛ ብቻ።

ያን ቀን አንደኛው ቦርጩ የተንጠለጠለ ሰውዬ ነበር። እጁን ወደ ቁምጣው ሰደደና ሹካ አወጣ። ልጅቱ ዝም አለች።

"ምነው ዝም አልሽ?"

"እማማ... ሹካ አወጣ።"

"ሹካ ምን ያደርግለታል?"

ሰውየው የሌላውን ፀጉር ጨምድዶ ሹካውን ግንባሩ ላይ ሰካው። ነቅሎ ደገመው። ደሙ ዓይኑን ሞላው።

"ሊያጎርሰው ነው" አለችኝ።

"በሹካ?"

"በሹካ። ጃፓን እንዲህ ነው።"

"ታዲያ ጎረሰ?"

ትንሽ አሰበች። "እምቢ፣ እምቢ አለ። ከዚያ ግድ አሉት። ከዚያ ጎረሰ።"

ወንበሩን ማዞር ነበረብኝ፣ ውላችን እንደዚያ ነበር። ከኋላዬ አማቼ ትንፍሽ አላለም። እሱም አይቶ ዝም አለ አልኩ በሆዴ። ልጅቱ እንግሊዝኛ ሳትቀላቅል፣ አባቷን ቃል ሳትጠይቅ፣ እንግዳ እምቢ ማለት እንዳለበት፣ ግድ መባል እንዳለበት ሳይቀር አስገብታ ነው የዋሸችው። ሰው በደንብ በማያውቀው ቋንቋ አይዋሽም። ገበያ ወርዳችሁ እዩ፣ በሰው ቋንቋ የሚነግድ ሁሉ ሳይወድ እውነተኛ ነው። ምስሬን አነሣሁና፣ እንግዳውን በሹካ የሚያጎርስ ሕዝብ ቢቀርብኝ ይሻላል፣ እጅ የላቸውም ወይ አልኩ። ልጅቱ ሳቋን ለቀቀችው፣ እፎይ ያለ ሰው ሳቅ። የምስሩን ጠጠር ለቀምኩ፣ መስኮቱንም አየሁ።

ዊንተሩን ሁሉ እንዲያ ሰነበትን፣ የሚቀጥለውንም። ደሙን አያለሁ፣ እርቁን እሰማለሁ። በቤታችን የተረፈው ነገር እንዳለ አልክድም። አማቼ ከመንገድ ኮል ሲያደርግ ልጅቱ ስልኩን ከእናቷ እጅ ትነጥቃለች፤ ቅዳሜ ማን ከማን ጋር ነው ይላታል፣ እሷም ትነግረዋለች፣ በአማርኛ። ምሳ ላይ ሳህን ማየት ቀረ። ቃል ስትጠይቀው ቃሉን ከየት እንዳመጣው ይነግራታል፣ ይኼ የአባቴ ቃል ነው፣ ይኼ የሰፈር ልጆች ቃል ነው ይላታል። ልጄ ማታ ስትገባ ዛሬስ አብረው ዋሉ ወይ ብላ መጠየቋን ተወች፣ ሲያወሩ ከበር ትሰማቸዋለችና። በመጨረሻ ማጫወቻው አንዱን ካሴት አላመጠና ተፋው፣ ከዚያ ወዲያ አልሠራም። ማንም አላዘነም። ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱ ያለ ጃፓን ተቀምጠው ያወሩ ጀመር።

እንግዲህ ትግሉ ይኼንን አመጣ ብላችሁ ለሚወለደው ልጅ እንዳታሳዩት። ትግሉ ምንም አላመጣም። ትግሉ ያመጣው ውስጥ ሱሪና ሹካ ነው። ሰማሁ፣ ዛሬ በስልክ ሁሉም ይገኛል አሉ፣ ያ ሆዳም ሰውዬም ከነሹካው አለ አሉ። ይኑርበት። ልጁን ብቻውን ስልክ አስይዛችሁ፣ ጆሮው ላይ ገመድ ሰክታችሁ፣ የድሮ ነው ክላሲክ ነው ብትሉኝ እንዳላየሁ አላልፍም። መቀመጥ አሁንም እችላለሁ።

ልጅቱ አደገች፣ ኮሌጅ የምትገባበት ዓመት ደረሰ። ትምህርት ቤቷ ሌላ ከተማ ነው። ልጄ ሺፍት የሚይዝላት ሰው አጥታ ቀረች፤ አማቼና እኔ አደረስናት። ዕቃዋን አወጣን፣ ክፍሏን አየን፣ አለቀስኩ፣ ተመለስን። ስንመለስ መኪናው ውስጥ እሱና እኔ ብቻ ሆንን። በመካከላችን ወሬ የምታመላልስ ልጅ የለች፣ ልጄ የለች። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያልታጨደ የበቆሎ ማሳ ብቻ ነው። አጣጥፌ ያደረግሁትን ነጠላ እያጣጠፍኩ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ያ ዝምተኛ ሰው መንገዱን እያየ፣

"እማማ፣ ያ ትግል ለልጅ ጥሩ ነበር" አለኝ።

ነጠላውን ጭኔ ላይ ጣልኩት።

"መጀመሪያ ላይ ያየናቸው ካሴቶች ነበሩ መጥፎዎቹ፤ እርስዎም ልክ ነበሩ። የኋለኞቹ ግን ደህና ናቸው። ሰዎቹ ሁልጊዜ ይታረቁ ነበር። ይጎራረሱም ነበር።"

እያሾፈብኝ ይሆን ብዬ ፊቱን አየሁት። ከአማቱ ጋር የሚያሾፍ ሰው አይደለም። ፊቱ ላይ ምንም የለም፣ የምሩን ነው። ምነው እርስዎ አላዩትም እንዴ አልኩት፣ በዘመኔ ፊት ለፊት የጠየቅሁት የመጀመሪያው ጥያቄ እሱ ሳይሆን አይቀርም። አፈር ብሎ ነገረኝ። ሳምንቱን ሙሉ መንገድ ላይ ተተክሎ ስለሚከርም ቅዳሜ ጠዋት ዓይኑ ያቃጥለው ነበር፤ እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ ካዞርኩበት ቅዳሜ ጀምሮ፣ ልጅቱ አፏን ስትከፍት እሱ ራሱን ሶፋው ላይ አስደግፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ድምፅዋን ይሰማ ነበር እንጂ አንዱንም ካሴት አላየም።